ወንፈል ከፊንላንድ ጋር

ሥራውን የጀመርሁ ቀን አለቃዬ አቶ ስማቸው አንድ ጠረጴዛ፣ ላስቲክ የለበሰ አንድ ኮምፒውተርና «የትምህርት ቤቶች የውጭ አጋርነት አስተባባሪ» የሚል የሥራ መደብ ሰጡኝ። ቦታው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለ አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ነበር። ከዚያ በፊት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ለምን እኔን እንደመረጡኝ ብጠይቃቸው «አንቺ አታፍሪም» አሉኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ ሳላጣራ ተቀመጥሁ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ለትምህርት ቤቶቻችን ወዳጅ መፈለግ ነው አሉ። ከየት ብላቸው ከውጭ አገር አሉ። ከየትኛው ውጭ አገር ስላቸው ትዕግሥታቸው አለቀ።

«እናኑ፣ ውጭ አገር ሁሉ ውጭ አገር ነው» ብለውኝ ወደ ስብሰባ ሄዱ።

ሳምንት ሳይሞላ ከተማው ውስጥ «እናኑ ሰው ወደ ውጭ ትልካለች» ተባለ። ባለባጃጆቹ ሒሳብ አንቀበልሽም ማለት ጀመሩ። ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴትዮ ከሚዛኑ በላይ ሁለት ሦስት ራስ እየጨመረች ልጇ ፓስፖርት እንዳወጣ ነገረችኝ። እኔ የምልከው ደብዳቤ ብቻ ነው ብል ማንም አላመነኝም። አንድም ሰው ከፍኖተ ሰላም ሳይንቀሳቀስ ክረምቱ ሲገባ ሽንኩርቱ ወደ ቀድሞ ሚዛኑ ተመለሰ።

የመጀመሪያው ሥራዬ የትምህርት ቤቶችን መግለጫ መሰብሰብ ነበር። እያንዳንዱ ርዕሰ መምህር ስለ ትምህርት ቤቱ አንድ ገጽ ይጽፋል፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ፣ ማኅተም ይደረግበታል፣ ከዚያ አጋር ለሚፈልጉ የውጭ ትምህርት ቤቶች በኢሜይል ይሄዳል። ሁሉም መግለጫ የሚጀምረው በእጥረት ነበር። የዴስክ እጥረት፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ የመጸዳጃ ቤት እጥረት። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ተርጉሜ ላክሁ። መልስ የሚባል ነገር አልመጣም።

አንድ ቀን ተናድጄ መግለጫዎቹን እንደ ባዕድ ሰው ሆኜ አነበብኋቸው። የማላውቀው ሰው ቤቴ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ችግሩን ቢዘረዝርልኝ አዝንለት ይሆናል እንጂ ጓደኛ አልሆነውም። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ማንኩሳ ሄድሁ፤ ከማንኩሳ በጋሪ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ዘለቅሁ። ርዕሰ መምህሩ ይበልጣል የሚባል ወጣት ነው። ትሑት ነው፤ ትሕትናው አንዳንድ ጊዜ ያበሳጫል። ምን አላችሁ ብዬ ጠየቅሁት። ምንም የለንም አለኝ። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ የሚታየው አረንጓዴ ነገር ታዲያ ምንድን ነው ስለው ድንች ነው አለ። የግብርና ክበቡ ልጆች የዘር ድንች ከቆጋ መስኖ አካባቢ አስመጥተው፣ ከምንጭ በቦይ ውኃ እየመሩ የሚያለሙት ነበር። ከሽያጩ ጠመኔና ደብተር ይገዛሉ።

ይህንን ጻፈው አልሁት።

«ድንች ደግሞ ለፈረንጅ ይጻፋል?» አለኝ።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ ራሴ ጻፍሁት። አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ድንች። የቱ መደብ የቱን ዘር እንደያዘ፣ ማን ውኃ እንደሚያጠጣ፣ ጃርት ሲመጣ ልጆቹ እንዴት እንደሚጠብቁ። ስለ ዴስክ አንድ ቃል አልነበረበትም።

መልሱ ብዙም ሳይቆይ መጣ። ሪታ ከምትባል የሳይንስ መምህርት ነበር፤ በፊንላንድ ሰሜን፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ታስተምራለች። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤ «እኛም ከልጆቻችን ጋር ድንች እንተክላለን። እናንተ በምን ያህል ጥልቀት ነው የምትቀብሩት?» አለቀ። ወረቀቱን ይዤ ወደ አቶ ስማቸው ሮጥሁ። ሁለት ጊዜ አነበቡትና ጠረጠሩት። «ሰላምታ የለውም እንዴ? እንዴት ናችሁ እንኳን አትልም?» አሉ። እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት ቢሮው ውስጥ መዞር ጀመርሁ። ከስንት ዝምታ በኋላ አንድ ሰው ስለ ሥራችን ጠየቀን።

እንዲህ ተጀመረ። የእኛ ልጆች በኅዳር በመስኖ ይተክላሉ፤ የእነሱ በረዶው ሲቀልጥ፣ በግንቦት መጨረሻ ይተክላሉ። ሁለቱም የግንዱን ቁመት ይለካሉ፣ ቅጠሉን ይቆጥራሉ፣ ሲቆፈር ከአንድ ዘር ስንት ድንች እንደወጣ ይመዝናሉ። ፎቶውና መረጃው በቴሌግራም ይሄዳል። ማንኩሳ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ይበልጣል ፍላሽ ይዞ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ድረስ ይመጣል። ሁለቱ ክፍሎች ውጤታቸውን ጎን ለጎን አድርገው ይማሩበታል። ሥራው ይኸው ነበር። ትንሽ ነው፤ ግን በእውነት የሚሠራ ነው።

ልጆቹ ከምንም በላይ የገረማቸው የፊንላንድ በጋ ነበር። እዚያ አገር በበጋ ፀሐይ ለሳምንታት አትጠልቅም፣ ስለዚህ ድንቹ ቶሎ ያድጋል ብዬ አስረዳኋቸው። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣችና «ታዲያ ጅቡ መቼ ይወጣል?» አለች። ጥያቄውን ለሪታ ላክሁት። የእሷ ክፍል ተወያይቶ በጽሑፍ መለሰ፤ ጅብ የለንም፣ ያለን ድብ ነው፣ እሱም ሲያሰኘው ይወጣል የሚል። ያ መልስ ወረቀት ላይ ታትሞ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለብዙ ጊዜ ተለጥፎ ነበር።

ነገራችን የት ጋ ሊሰናከል እንደሚችል ግን በመጀመሪያው የቪዲዮ ጥሪ ማየት ነበረብኝ። የፊንላንድ ልጆች ድንች በእጃቸው ይዘው፣ የሚጠይቁትን አዘጋጅተው ተቀምጠዋል። በእኛ በኩል ልጆቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ተሰልፈዋል፤ ይበልጣል ደግሞ የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግር ማንበብ ጀመረ። አነበበ። ገለበጠና አነበበ። አንድ ልጅ እንኳ ሳይናገር ኔትወርኩ ተቋረጠ። በማግስቱ ሪታ ንግግሩ የሚያምር እንደነበር፣ ልጆቿ ግን ስለ ድንቹ መስማት ይፈልጉ እንደነበር ጻፈች።

ከዚያ መጥተን እንይ አሉ። ሪታና የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ ያኒ የሚባል ዝምተኛ ሰው። የሚመጡበትን ገንዘብ የሚከፍለው የከተማቸው ምክር ቤት ነው። መርሐ ግብሩን ሪታና እኔ አብረን አዘጋጀነው፤ የጋራ ትምህርት፣ የጋራ ተከላ፣ የጋራ ልኬታ። በየቀኑ ሥራ ነበረበት።

ዜናው ሲሰማ አቶ ስማቸው የአቀባበል ኮሚቴ አቋቋሙ። የኮሚቴው አውራ አያ አንዳርጌ ሆኑ፤ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ሰብሳቢ። ረጅም፣ ግርማ ያላቸው ገበሬ ናቸው። በስብሰባ ላይ መጨረሻ ይናገራሉ፤ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ስብሰባው አለቀ ማለት ነው። ኮሚቴው ያን መርሐ ግብር አልጣለውም። ከሥራዎቹ በፊት፣ በመካከልና በኋላ ግብዣ ጨመረበት እንጂ።

በመጀመሪያው ቀን ፈረሰኞች ከማንኩሳ መግቢያ ጀምረው አጀቧቸው። ወይዛዝርቱ እልል አሉ። በግ ታረደ። በሁለተኛው ቀን በየቢሮው አስተዋወቅናቸው፤ ምሳ ቡሬ ላይ ተጋበዙ፣ ከምሳው ስንመለስ መክሰስ ጠበቀን። በሦስተኛው ቀን ይኸው ተከላ ነው ብለን ማሳው ላይ ደረስን። ያኒ ጎንበስ ብሎ ዶማ አነሣ። አያ አንዳርጌ በፈገግታ ከእጁ ተቀበሉትና ጋቢ የተነጠፈበት ወንበር ላይ አስቀመጡት። አንድ ሰው ጃንጥላ ያዘለት። ሪታ ተደብቃ አንድ ዘር ትልም ውስጥ ልታስገባ ስትል ጅብ መቼ ይወጣል ያለችው ልጅ ደርሳ «ቲቸር፣ እርስዎ ይረፉ» ብላ ተቀበለቻት። ሁለቱ እንግዶች ከሰሜን ዋልታ ሥር ድረስ መጥተው ድንች ሲተከል ቁጭ ብለው እንደ ቲያትር ተመለከቱ።

እኔም ከሌላው አልተሻልሁም። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። እንግዳ ሲከበር ማየት የማይወድ ጎጃሜ የለም።

የዚያን ዕለት ከማሳው እንደተመለስን ያኒ በሆቴሉ ግቢ አስጠራኝ። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አመሰገነ፤ በሕይወቱ እንዲህ ተከብሮ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ ስኒውን አስቀመጠ።

«ምክር ቤታችን ገንዘብ የሚሰጠው ሁለቱ ትምህርት ቤቶች አብረው እንዲሠሩ ነው። እስካሁን አብረን የሠራነው ነገር የለም። ስመለስ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ይህ ከቀጠለ ግንኙነቱ በዚህ ጉብኝት ያበቃል።»

ለመሄድ የቀራቸው አንድ የሥራ ቀን ነበር። ያ ሁሉ ደብዳቤ፣ ያ ሁሉ ልኬታ፣ ልጆቹ የሚጠብቁት የሚቀጥለው ተከላ በዚያ በአንድ ቀን ላይ ተንጠለጠለ። ያኒን ልቀየመው ፈለግሁ፤ ልቀየመው ግን አልቻልሁም፤ ያለው ሁሉ ትክክል ነበር።

ለአቶ ስማቸው ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነገርኋቸው። ጥሞና ሰጥተው ሰሙኝ። ካሰቡ በኋላ «በጉ አንሷቸው ይሆናል፤ ነገ ወይፈን እንጣል» አሉ። አይደለም፣ መሥራት ነው የፈለጉት ብላቸው «ቢጠግቡ ኖሮ ሥራ ትዝ አይላቸውም ነበር» አሉኝ። ተስፋ ቆርጬ ወጣሁና በሚኒባስ ማንኩሳ ደርሼ፣ ከዚያ በጋሪ ወደ አያ አንዳርጌ ቤት ሄድሁ።

አያ አንዳርጌ በረታቸው ደጃፍ ላይ ከብቶች ሲያስገቡ ደረስሁ። ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ከባሕር ማዶ የመጣን እንግዳ ዶማ አስጨብጠን? ነገ ቡሬ ላይ ሲወራ ጆሮሽ ይቻለዋል? የእነ አንዳርጌ አገር እንግዳ አስቆፈረ ሲባል?»

እንግዳ መሆን አይፈልጉም፤ አብረው ሊሠሩ ነው የመጡት አልኋቸው። ካልሠሩ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይቀራል፣ ልጆቹ ከእነሱ ጋር የሚተክሉት ድንች የለም አልሁ። ሽማግሌው የበረቱን መዝጊያ ዘጉና ግንድ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው አይሠራም፤ ይኸ አይለወጥም» አሉኝ። «የወንፈል ጓደኛ ሆኖ የመጣ ግን ሳይሠራ አይበላም። ያኔ ነውሩ አለማሠራቱ ነው። እናኑ፣ እነዚህ ሰዎች ወንፈል ይገባሉ?»

በእኛ አገር ደቦና ወንፈል አሉ። ደቦ የጠራ ሰው አብልቶ አጠጥቶ ያሠራል፤ የመጣው ሰው ውለታ ይሠራል። ወንፈል ግን ተራ ነው። ዛሬ እኔ የአንተን አርማለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ። አንድ ቀን በአንድ ቀን ይመለሳል። ያልተመለሰ ወንፈል ነውር ነው፤ ከዚያ ቤት ጋር ሰው ወንፈል አይገባም። አያ አንዳርጌ የጠየቁኝ ይህንን ነበር። የእነሱን ቀን ከተቀበልን እኛም ሄደን አንድ ቀን እነሱ ማሳ ላይ መሥራት አለብን። ያለዚያ አልቀበልም አሉ።

«ይመለሳል አያ፤ እኔ እመልሰዋለሁ» አልሁ።

ማን ልኮኝ፣ በማን ገንዘብ፣ ማንን አስፈቅጄ እንደተናገርሁ አላውቅም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አያ አንዳርጌ ግን ቃሉን እንደ ቃል ወሰዱት። «እንግዲያስ ነገ ማልደው ይምጡ፤ ያረፈደን አልምርም» አሉኝ።

በማግስቱ ማሳው ላይ አያ አንዳርጌ ያኒን ትላንት እንደተቀበሉት አልተቀበሉትም። እጁን ጨብጠው፣ እኔ እያስተረጎምሁ፣ ወንፈል ምን እንደሆነ ነገሩት። ያኒ አዳመጠ። ፊቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር በራ። በአያቶቹ መንደርም ጎረቤት ለጎረቤት የሚሠራበት ልማድ እንዳለ፣ ጣሪያ ሲሠራ፣ ድንች ሲቆፈር ሰው እንደሚጠራ ተናገረ። ስሙ ታልኮት ይባላል።

«ይመለሳል ወይስ አይመለስም?» አሉ አያ አንዳርጌ።

ያኒ አሰበ። ሥራው የሚሠራለት ሰው ሾርባ ያበላል፣ መመለሱ ግን ግዴታ አይደለም አለ።

«ያ ደቦ ነው። እኛ የምንልህ ወንፈል ነው። ዛሬ ትሠራልናለህ፣ ያንተ ድንች ሲደርስ መጥተን እንሠራልሃለን። ትገባለህ?»

ያኒ «እገባለሁ» አለ። አያ አንዳርጌ ዶማውን ሰጡት። ጋቢ የተነጠፈበት ወንበር ከማሳው ተነሣ፤ ጃንጥላ ያዡ ራሱ ውኃ ሊመራ ወደ ቦዩ ወረደ።

ያን ቀን እንዴት ብዬ ልጻፈው። ሪታ የጎነቆለ ዘር ከልጆቹ ጋር እየመረጠች ለምን ጎንቁሉ ወደ ላይ መዞር እንዳለበት አስተማረች፤ ልጆቹ በበኩላቸው እኛ አገር ውኃው ከትልሙ ሥር ስለሚያልፍ መደቡ ከፍ ማለት እንዳለበት አሳዩአት። ሁለቱ ክፍሎች በጽሑፍ ሲከራከሩበት የከረሙት የጥልቀት ጉዳይ በማስመሪያ፣ በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛና በእጅ ምልክት እንደገና ተነሣ። ሪታ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። ይበልጣል ንግግሩን ረስቶ ሸሚዙን ሰብስቦ ይቆፍር ነበር።

ያኒ አንድ ትልም አጣሞ አወጣ። አያ አንዳርጌ ከማሳው ጥግ ሆነው ተቆጡት። አስተርጉሚለት አሉኝ፤ «ወንፈልህ ይህ ከሆነ የአንተን ድንች እኔም እንዲሁ አጣምሜ እቆፍርልሃለሁ በይው።» ፈራ ተባ እያልሁ ተረጎምሁለት። ያ ዝምተኛ ሰው ዶማውን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ያመሰገነው እንጂ የተቆጣው ሰው አልነበረም። ትልሙን አፍርሶ ደግሞ አወጣው፤ ቀጥ ብሎ ሲወጣለት ጎረምሶቹ ግጥም አወጡለት፤

ዶማውን ቀማነው እንግዳ ነው ብለን፣
ለካ ገበሬ ነው መስመር ሲያወጣልን።

ምሳ ማሳው ላይ ቆሎና ዳቦ ሆነ። አቶ ስማቸው ወይፈኑን ይዘው ሊመጡ ሲሉ ሰው ልከን አስቀረናቸው። ከሰዓት በኋላ መጥተው አዩና እንግዶቹ በጭቃ ተለውሰው ሲስቁ ሲያገኟቸው ግራ ገባቸው። ጥቂት ቆመው ጫማቸውን አወለቁ። እሳቸውም አንድ መደብ ተከሉ።

እንግዶቹ ሄዱ። ያኒ ለምክር ቤቱ አንድ ቀን አብረን ሠርተናል፤ ሌላውን ቀን እነሱ መጥተው ሲመልሱ ውሳኔ ስጡ ብሎ ነገራቸው። እነሱም ተስማሙ፤ ለሦስት ሰው ትኬት እንደሚችሉም አሳወቁን። ስለዚህ የግንኙነቱ ዕጣ በእኛ ጉዞ ላይ ወደቀ። ቃል መግባቴን ለአቶ ስማቸው ያኔ ነገርኋቸው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ተቆጡ። ፊንላንድ መሆኑን ሲሰሙ ግን ቁጣቸው በረደ።

አሁን የማወራው የሥራው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ነው። ጉዞ አለ ሲባል ልዑክ ይበዛል። ኃላፊው፣ ምክትሉ፣ የፋይናንሱ፣ የዕቅዱ፣ ሌላም ሌላም። እኔ ሰው አልከለከልሁም። የጉዞውን ዓላማ ብቻ በዝርዝር አስታወቅሁ፤ በዝናብና በብርድ፣ የጎማ ቦት ጫማ ተጫምቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ድንች መቆፈር። አንዱ ስብሰባ እንዳለው ታወሰው። ሌላው ልጁ ታመመችበት። አቶ ስማቸው «ወገቤን ሐኪም ከልክሎኛል» አሉኝ። የቀረነው አያ አንዳርጌ፣ ይበልጣልና እኔ ነበርን።

መስከረም ላይ ደረስን። ያኒ በመኪና ሊቀበለን መጣ፤ እጃችንን ጨበጠ፣ «መጣችሁ፣ ጥሩ» አለና ያን ሁሉ የጥድ ጫካ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ነዳ። አያ አንዳርጌ ከኋላ ወንበር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ሰውየው ተቀይሞናል ወይ አሉኝ። አመሉ ነው፣ ደስ ሲለውም እንዲሁ ነው አልኋቸው። ፈረሰኛ የለ፣ እልልታ የለ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያኒ ራሱ ሳህን ይዞ ከልጆች ኋላ ተሰልፎ ሾርባ ተቀበለ፤ በልቶ ሲጨርስም ሳህኑን ራሱ መለሰ። አያ አንዳርጌ ይበልጣልን በክርናቸው ነካ አደረጉት። «አየህ? አንተ ደግሞ ወንበርህን ሰው ነው የሚያቀርብልህ» አሉት።

በማግስቱ ዝናቡ ያካፋ ነበር። ቦት ጫማ ሰጡን። መቆፈሪያቸው እንደ ሹካ ጣት ያለው ነው፤ አያ አንዳርጌ እንደ ዶማ በኃይል ሲያሳርፉት ሁለት ሦስት ድንች ወጉ። አንዲት ቢጫ ጸጉር ያላት ልጅ ሮጣ መጥታ በእንግሊዝኛ ተቆጣቻቸው፤ ከጎን ሆነው ማስገባት እንዳለባቸው አሳየቻቸው። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ታዘዙ። «ይህችስ የወንፈል ልጅ ናት» አሉኝ። ሪታ ልኬታውን መራች፤ ይበልጣል በማሳው መካከል ቆሞ የሁለቱን አገር ምርት እያነጻጸረ አስተማረ፤ ወረቀት አልያዘም። ጅብን በተመለከተም ብዙ ተጠየቀ። ጣቶቻችን ደነዘዙ። ከዚያ የበለጠ ደስ ያለኝ የሥራ ቀን የለኝም።

ሊመሽ ሲል ከምክር ቤቱ አንዲት ሴትዮ መጣች። ገንዘቡን የምትወስነው እሷ ናት። የተቆፈረውን ማሳ ዞራ አየች፣ ልጆቹን አነጋገረች። ከዚያ ሥራው ተጠናቀቀ ወይ ብላ ጠየቀች። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት አያ አንዳርጌ ምን አለች አሉኝ። ነገርኋቸው። መልሱን እሳቸው ሊሰጡ ፈለጉ።

«ወንፈላችን ተመልሷል በያት። ከእንግዲህ ማንም የማንም ዕዳ የለበትም። ከበቃችሁ በሰላም እንለያያለን፤ ቅሬታ የለንም።»

ይበልጣል በድንጋጤ ተመለከተኝ። ይህ ቃል ሊተረጎም ነው? የመጣነው እንዲቀጥል ለመለመን አልነበረም ወይ? ልሸራርፈው አሰብሁ። አያ አንዳርጌ ዐይን ዐይኔን ያዩ ነበር። እንዳለ ተረጎምሁት።

ሴትዮዋ ወደ ያኒ ዞረች። ያኒ ዝም አለ። የእሱን ዝምታ ለምጄዋለሁ ብዬ ነበር፤ አለመልመዴን ያኔ አወቅሁ። ዝናቡ ኮፍያው ላይ ያካፋል። ልጆቹ ሣጥን መሸከማቸውን አቁመው ያዩታል። ከዚያ ወደ አያ አንዳርጌ ዞሮ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ፣ እኔ እንድተረጉምለት እየጠበቀ እንዲህ አለ፤

«የሚቀጥለው ተከላችሁ በየትኛው ወር ነው? ወንፈል ልገባ እፈልጋለሁ።»

አያ አንዳርጌ በኅዳር ነው አሉት፤ ማልደህ ከመጣህ። ሴትዮዋ ሳቀችና እኔ የምጠይቀው የለም፣ ገንዘቡ ይቀጥላል አለች። እኔ ጭቃ በነካው እጄ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስሁ። ሪታ አቀፈችኝ፤ እዚያ አገር ሰው እንደዚያ አያቅፍም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አገናኝቻለሁ። አንድ የቡሬ ትምህርት ቤት ከኬንያ ትምህርት ቤት ጋር በሩጫ ተገናኝቷል፤ እኩል ርቀት ይሮጣሉ፣ ሰዓታቸውን ይላላካሉ፣ አንዱ የሌላውን ሰዓት ያዥ ይጠረጥራል፣ በዚያም ይሟገታሉ። የማንኩሳውና የፊንላንዱ ግን እስከ ዛሬ በተራ ነው የሚሄደው። መንገዱ የተዘጋበት፣ ኔትወርክም የጠፋበት ጊዜ ነበር። ያኔ ተራው የእነሱ ነበርና ጠበቁ። መንገዱ ሲከፈት ያኒ መጣ፤ ጡረታ ወጥቶ ነው የመጣው፣ ዶማ ለመያዝ።

እኔም አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ቦታዬን ለተረከቡት ወጣቶች የማስረክበው ይህን ነው። እንግዳችሁን በመጀመሪያው ቀን አብሉት። በሁለተኛው ቀን ሥራ ስጡት። ከዚያ ተራችሁን ጠብቃችሁ ሂዱና ሥሩለት።